አርባ አንዱ ቋጠሮ

ጥቅምት 6 ቀን

ጨረስኩት! ሰላምታው ይቆየኝና መጀመሪያ ይህን ስማ፤ ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ልጅ አስገብቼ ጨረስኩት! ሃያ ሁለት ደብተር፣ ሦስት ሺህ አሥራ ስድስት ልደት፣ በእነዚህ አሥር ጣቶቼ! የማደርገው ቢጠፋኝ የፎቶ ኮፒ ማሽኗን አቅፌ ሳምኳት። ወረፋ የያዘች ደንበኛ «አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። «እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም» አልኳት።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ለማልረሳህና ለማታስታውሰኝ ያጎቴ ልጅ፣ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንደምን ናት? እኔ የአባትህ ታላቅ ወንድም ልጅ ነኝ። እናትህ አንተን አዝላ ከዚህ ሰፈር ስትወጣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጥርስ ሳታወጣ በድድህ ጣቴን ነክሰኸኛል፤ ቂም አልያዝኩም። ዛሬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንተ ባሕር ማዶ የኮምፒውተር ሰነድ አዋቂ መሆንህን የነገሩኝ እማማ አይዞሽ ናቸው።

እሳቸውን ካላወቅህ፣ ከስልሳ ዓመት በፊት ጀምረው ይህን ሰፈር አርባ ዓመት ያዋለዱ ናቸው። ስማቸውን ትተን እማማ አይዞሽ የምንላቸው ምጥ የያዛትን ሁሉ «አይዞሽ» ስለሚሉ ነው። አንዱ ባል በር ላይ ራሱን ስቶ ቢወድቅ እሱንም «አይዞሽ» ብለውታል። የእያንዳንዱን ልጅ አወላለድ በደብተር ጽፈው ይዘዋል፤ ደብተሩን ግን እርጥበት እየበላው፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። የመዝገብ ቢሮው እንዲህ ያለ የቆየ መዝገብ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እቀበላለሁ ብሏል። የሚቀበለው ግን ኤክስኤምኤል በሚባል ፋይል ተዘጋጅቶ ያለ እንከን ከተከፈተ ነው። ከዚያ በኋላ የልደት ማስረጃ የፈለገ ሰው ሲወለድ ያዩ ሦስት ምስክሮች ያምጣ ተብሏል። የስልሳ ዓመት ሰው ሲወለድ ያየውን ከየት ይቀሰቅሳል? ጡረታው በዚህ የተንጠለጠለበት አንድ አናጢ አለ። ጠዋት ጠዋት በሱቄ በር ብቅ ይልና «ተወለድኩ ወይ?» ይለኛል።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከማስገባቴ በፊት ዓይንህ እንዲያርፍበት ነው። በኢሜይልም ጽፌልህ ነበር፤ ዝም አልከኝ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ።
ያጎትህ ልጅ


ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም አብራኝ አለች፣ ጤና ናት። ደብዳቤ መጣልን ስላት «ከማን?» አለች። ከእርስዎ መሆኑን ስነግራት ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ኢሜይልዎ ደርሶኝ ነበር፤ የደረሰኝ ግን ስልሳ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው። ፋይሉም በዚሁ ችግር አልተከፈተም። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽን ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስኑት ስምምነቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። የፋይልዎ የመጀመሪያ መስመር «የተጻፍኩት ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው ስምምነት ነው» ይላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ የድሮው የጽሕፈት ፕሮግራምዎ ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ነው የሚሰጠው። የእኔ ማሽን መስመሯን አምኖ ገባና ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመ። ያችን መስመር ከየት አገኟት?

አይደንግጡ፣ ድካምዎ አልጠፋም። በዚያው ፕሮግራም ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በተራው ሁሉንም ጽፈው ይላኩልኝ። ቁጥሩን ከፊደሉ ጋር አገጣጥሜ መፍቻ አዘጋጃለሁ። እስከዚያው በእጅ እንጻጻፍ፤ ወረቀት ማንንም «በምን ተጻፍክ?» አይልም።

አክባሪዎ


ኅዳር 30 ቀን

ወንድምዓለም፣

አንቱታህን ተው! ባሕር ማዶ ሆነህ አስረጀኸኝ እኮ። አንቺ በለኝ።

ያችን መስመር ቢሮው ከሰጠኝ ናሙና ላይ ነው የገለበጥኳት። እንደ ማመልከቻ ራስጌ፣ ለማዕረግ የምትቀመጥ መስላኝ! ለካ ቃል መግባት ኖሯል። ከላይ ሌላ፣ ከውስጥ ሌላ ሆኜ ተገኘሁልህ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴ ማሽን ታምነኝ ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ፊደሉን ስጽፍ ብታየን ኖሮ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። እማማ አይዞሽ አጠገቤ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ተማሪ ከሀ ጀምረው ይሉልኛል፤ እኔ እመታለሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡትም ተቀበሏቸው። ሱቁ ትምህርት ቤት ሆነ። አናጢው «ተወለድኩ ወይ?» ሊል ብቅ ቢል እማማ አይዞሽ በድምፁ አወቁትና «አንተ በእግርህ የተወለድከው፣ ግባና ተራህን በል!» አሉት። መጋዙን እንደያዘ ገብቶ ይል ጀመር፤ ቀ ላይ ተሳስቶ ከሀ አስጀመሩት። «መወለድ እንዲህ ይከብዳል?» እያለ ወጣ።

ሁሉም ፍላሹ ላይ አለ። እናትህን ሰላም በልልኝ። ሻዩ ፈላላት?

ያንተው እትዬ


ጥር 4 ቀን

እትዬ፣

እንዳዘዝሽኝ «አንቺ» ብያለሁ። እንደምን ሰነበትሽ?

ተፈታ! ሦስት ሺህ አሥራ ስድስቱም ተነበቡ። ራስጌዋ የምትለውና ውስጧ ያለው አሁን አንድ ነው። ልፈትሽ ተቀምጬ ማንበብ ያዝኩ፤ ሥራ መሆኑን ረሳሁት። «ማክሰኞ ረፋድ። ዝናብ። ወንድ። አባቱ በር ላይ ቆሞ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታና ሲያስር ዋለ።» እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። አርባ አንድ ልደት ላይ «ቋጠሮ» የሚል ምልክት አለ። ራስጌው ላይ ደግሞ «ቋጠሮ ስትደርስ፣ ትንሹ ደብተር ከሚባለው ፋይል አምጥተህ እዚህ አስገባ» የሚል ትእዛዝ ጽፈሻል። ፋይሉ እኔ ዘንድ ስለሌለ አርባ አንድ ቦታ ባዶ ሆነ። እንኳን ሆነ! እኔ በደብዳቤ «ይህን ስታነቢ ከቁም ሣጥንሽ የቆለፍሽውን ወረቀት አውጥተሽ እዚህ ለጥፊው» ብልሽ ታደርጊዋለሽ? ማሽን ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ቢሮ ሁሉ ወደ ውጭ የሚጣራ ፋይል የማያስገባው። ትንሹን ፋይል ወደ ቢሮው እንዳታስጠጊው። ሁለቱ አንድ ላይ በተከፈቱ ጊዜ የተሸሸገው በሙሉ መዝገቡ ላይ ይዘረገፋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአርባ አንዱ አንዱ የእኔ ነው። የአባቴና የእናቴ ስም፣ የተወለድኩበት ቀን፣ «ወንድ»፣ ከዚያ ቋጠሮ። ከቋጠሮው በስተኋላ ምንድን ነው ያለው?

ወንድምሽ


ጥር 28 ቀን

ወንድምዓለም፣ እንኳን ደህና ሰነበትክ!

አፌ ቁርጥ ይበልልህ፤ ይህን ሁሉ ፊደል ፈትተህ መመለስህ ሆዴን ቅቤ አጠጣው። ለእማማ አይዞሽ ያንን ባለ ጫማ ማሰሪያ ባነብላቸው «ማሰሪያው ቡኒ ነበር፣ መጻፍ ረስቼ ነው» አሉኝ።

የቋጠሮው ነገር እንዲህ ነው። እማማ አይዞሽ የሰው ገመና ያለበት ልደት ሲገጥማቸው በትልቁ ደብተር ላይ ቋጠሮ የመሰለች ምልክት ይሥላሉ፤ ዝርዝሩን በትንሹ ደብተር ይጽፋሉ። ያም በቁልፍ ሣጥን ነው የሚቀመጠው። የዓይናቸው ነገር አሳስቧቸው ሁለቱንም እኔ ጻፍኩላቸው፣ በተለያየ ፋይል። ፕሮግራሙን የጫነልኝ ጠጋኝ «ከሌላ ፋይል የሚመጣ ነገር ካለ እንዲህ በይው» ብሎ አሳይቶኝ ነበር። እኔም እሳቸው ደብተር ላይ እንዳደረጉት አደረግሁ። ለካ የእሳቸው ቋጠሮ ዝም ይላል፣ የእኔው ይጣራል!

ያረምከውን ይዤ ቢሮ ሄድኩ፤ ለመጠየቅ ያህል። መስታወት ውስጥ ያለው መዝጋቢ ጨዋ ሰው ነው። ማሽኑን አየና «ይሄ የሌለ ፋይል ይጣራል። ወይ የሚጣራውን አምጪ፣ ወይ ሙሉው አይገባም» አለኝ። «ገመና ነው» አልኩት። «እናቴ፣ ማሽኑ ገመና አያውቅም» አለኝ። ምልክቷን ልፋቃት ብል እማማ አይዞሽ እንቢ አሉ። «የሚጠይቅ ቢመጣ፣ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት። ቋጠሮዬ አይፋቅም» ይላሉ። እንግዲህ የአርባ አንዱን ገመና ላውጣ ወይስ ሦስት ሺሁን ሰው ሜዳ ላይ ልተወው? መላ ካለህ በለኝ፤ ሚያዝያ ሩቅ አይደለም።

ሌላው ጥያቄህን በሚመለከት፣ ይኸው ደንበኛ መጣብኝ፤ ሃያ ገጽ የኪራይ ውል ይዛለች። ደህና ሁን።

እትዬህ


የካቲት 21 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ቢሮው ለጠየቁኝ መላ አለው።

ትንሹን ደብተር የጻፉት እርስዎ ከሆኑ የእኔን ያውቁታል ማለት ነው። እናቴን ልጠይቃት አልቻልኩም። ሻይ ስትቀዳልኝ እጇን አያለሁ፤ ጣቶቿ ከጣቶቼ ጋር ይመሳሰሉ እንደሆነ። ሠላሳ ስምንት ዓመት እናቴ ያልኳትን ሴት እንዲህ ማየት ያሳፍራል።

መልስዎን እጠብቃለሁ።


መጋቢት 19 ቀን

ወንድሜ፣

ይህን ያህል የዘገየሁት ጨክኜብህ አይደለም። መሐላ አለብኝ። ትንሹን ደብተር ልጽፈው ስቀመጥ እማማ አይዞሽ እጄን ደብተሩ ላይ አስጭነው «ዓይንሽ ይይ፣ አፍሽ ይታሰር» ብለው አስምለውኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ሦስት ዓመቴ።

ደብዳቤህን ይዤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩና አነበብኩላቸው። «እርስዎ» ብለህ የተመለስክበትን ሁለቴ አነበብኩት። እሳቸው ግን የሰሙት ሌላውን ነው። «ይህ ልጅ እናቴ እናቴ አይደለችም ብሎ ፈርቷል። ይህን ፍርሃት ይዞ አንድ ቀን ማደር የለበትም። የቋጠርኩት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ነኝ፤ ጻፊ!» አሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃል የእሳቸው ነው፣ አንድም አልጨመርኩበት።

«አንተ ልጅ፣ የእናትህ ልጅ ነህ። በእጄ ነው የተቀበልኩህ። ስትወለድ ግን አላለቀስክም፤ ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር። እናትህ ደም ይፈሳታል። እጄን ከእሷ ባነሳ እሷ ትሞትብኛለች፣ ባላነሳ አንተ። ያኔ እናትህና የአጎትህ ሚስት በአጥር ተጣልተው ሁለት ዓመት አይነጋገሩም። በዚያው አጥር ዘላ የገባችው እሷ ናት። ማንም አልጠራትም። ከወዲያ ማዶ ሆና የሕፃን ለቅሶ ብትጠብቅ ስላጣች ነው። አነሳችህ፣ አፏን ካፍህ ገጥማ ትንፋሿን ሰጠችህ። ስልሳ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ጮህክ። በሻሿ ጠቅልላ እናትህ እቅፍ አስቀመጠችህ። እናትህ ራሷን ስታ ነበር። ሴትየዋ ስትወጣ ምን አለችኝ? 'አትንገሪያት። ውለታ ከብዷት እንድትታረቀኝ አልፈልግም። ወዳ ትታረቀኝ።' እኔም ቋጠርኩት።»

ያቺ ሴት እናቴ ናት። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ ተልጦ፣ ቀሚሷ ተተርትሮ መጥታ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። «ምን ሆነሽ?» ብላት «ወደቅኩ» አለችኝ። ጉልበቷን ያጠብኩላት እኔ ነኝ። «ሻሽሽስ?» ብላት «ውሃ ጨምሪበት» አለችኝ። ምን ላይ እንደወደቀች ያወቅኩት ትንሹን ደብተር ስጽፍ ነው። ያን ቀን ሱቄን በእኩለ ቀን ዘግቼ ወጣሁ።

እናትህን ትጠብቃት ነበር? አልተናገረችም። እስክትሞት ድረስ ግን ፖስተኛ ባለፈ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

ለእናትህ ንገራት ወይም አትንገራት አልልህም። አሁን ያንተ ነው።

እትዬህ


ሚያዝያ 7 ቀን

እትዬ፣

አንቺ ልበልሽ፤ ይቅር በይኝ። ጥፋቴን በሙሉ ልንገርሽ። የቢሮውን መላ በጥር ወር ፋይሉን ካየሁ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የእኔን ሳላውቅ አልሰጥም ብዬ ነው ይዤ የቆየሁት። ሦስት ሺህ ሰው ደጅ አስጠናሁ።

አሁን ይኸውልሽ። «ከዚያ አምጣ» የምትለዋን ትእዛዝ ከራስጌው አውጥቻታለሁ። ቋጠሮው አልተፋቀም፣ እማማ አይዞሽ እንደሣሉት ምልክት ሆኖ ቀርቷል። የሚያየው ያየዋል፤ እሱ ግን ማንንም አይጣራም። ትንሹን ፋይል ከሱቅሽ ማሽን ላይ አጥፊው። ደብተሩ ከሣጥኑ አይውጣ።

እናቴ ደብዳቤሽን ራሷ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን አጣጠፈችና ትራሷ ሥር አስገባችው። በሦስተኛው ቀን የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን «ያ አጥር ዛሬም አለ ወይ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ተነስታ ከሻንጣዋ ሥር አንድ ሻሽ አወጣች። ጠርዙ ሰማያዊ ነው። «ያን ቀን ስነቃ የተጠቀለልክበት ይህ ነበር። የኔ አልነበረም። የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። መጥታ እስክትነግረኝ ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። ቀጥላም «እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን» ብላ ሻሹን ፊቷ ላይ አደረገችው። ላቅፋት ሞከርኩ፤ እሷ ናት ያቀፈችኝ።

አጥሩ አለ ወይ? መልስ ትፈልጋለች።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 28 ቀን

ገባ! ገባ፣ ገባ፣ ገባልህ! ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ገባ! መዝጋቢው ፋይሉን ከፈተው፣ ከላይ እስከ ታች ወረደበት፣ ማሽኑ አንዲት ቃል አላጉረመረመም። «እነዚህ ቋጠሮዎችስ?» አለኝ። «ቋጠሮ ናቸዋ! አይናገሩም፣ አይጣሩም» አልኩት። ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ሰው እያየኝ ቢሮው ውስጥ እልል አልኩ። ጥበቃው ቢመጣ እሱንም አቀፍኩት፤ ለካ እሱም የእማማ አይዞሽ ልጅ ነው፣ አሥራ አራተኛው ደብተር ላይ አለ።

እንደምን ከረማችሁልኝ፣ አንተም እናትህም? ሰላምታዬን ዛሬም አስቀደምኩት ብዬ አልዋሽም።

አናጢው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ አልጠየቀኝም፤ ፈርቶ ፊቴን ብቻ አየኝ። «ተወለድክ!» አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ «ወንድ ነኝ ሴት?» አለኝ፤ ከዚያ መጋዙን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማማ አይዞሽ ሲሰሙ «ያኔም እንዲህ ነበር፣ አፉ አይዘጋም» አሉ። ትንሹን ፋይል እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው አጥፍቼዋለሁ። ደብተሩ ከነቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው። ባለቋጠሮ የሆኑ ሁለት ሰዎች መጥተው በር ዘግተው አነጋግረዋቸዋል። ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኩም። አንደኛዋ ስትወጣ ግን እየሳቀች ነበር።

ይቅርታህን ደግሞ ተቀብያለሁ። እኔስ ደንበኛ መጣብኝ ብዬህ የለ? የኪራይ ውል የያዘች ሴት አልነበረችም፣ ዋሽቼህ ነው። ተካካስን።

አሁን ለእናትህ ንገራት። አጥሩ አለ፤ ድንጋይ ስለሆነ ዕድሜ አይገድበውም። በእናንተ ቤት የተከራየችው ልብስ ሰፊ «እኔም ከሰው ተቆራርጬ ሰለቸኝ» አለች። አናጢው ባለፈው ሳምንት እናቴ በዘለለችበት ቦታ ልኩን ወስዶ፣ ድንጋዩን አውርዶ በር ገጠመበት። መቆለፊያ ላድርግ ወይ ሲለኝ «ምን ቆርጦህ!» አልኩት። በሩ የሚከፈተው በሁለቱም በኩል ነው። እስካሁን ግን ማንም አልገባበትም፤ እማማ አይዞሽም አንድ እግር አያልፍበትም ብለዋል። መጀመሪያ የምታልፍበት እናትህ ናት፣ ያንን ሻሽ ይዛ። እኔ በወዲህ በኩል የእናቴን ዱካ አውጥቼ እቀመጣለሁ። አንተ ከኋላዋ ነህ፤ ጣቴንም አመጣልሃለሁ፣ አሁን ጥርስ አለህ።

አናጢው ይመጣል፣ መዝጋቢው ይመጣል፣ ጥበቃው ከነሚስቱ ይመጣል፣ ፊደል ያሉልን ደንበኞች ሁሉ ይመጣሉ። የታመመ ተደግፎ ይምጣ፣ የተኳረፈ ተኳርፎም ቢሆን ይምጣ፤ በሩ ሰፊ ነው። ሥራ አለኝ፣ ቲኬት አጣሁ፣ ደብዳቤው ዘገየ የሚል አልሰማም። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሰኔ 21፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት!